የፍጻሜውን ቀን ስለሚቈጥሩ ሰዎች፥ ለምእመናን የተጻፈ ምክር

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ የተወደዳችሁ፥ በጎባና በሮቤ፥ በሲናናም፥ በአጋርፋም፥ በዲንሾም ደጋ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤

ይህን ትንሽ ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ በገበያና በልቅሶ ቤት ዘወትር የምሰማው ነገር ነው። አንዱ «ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» ይላል። ሌላው «ከሚመጣው ዓመት አናልፍም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከነቢዩ ከዳንኤል መጽሐፍ ቍጥር እየደመረና እየቀነሰ ቀኑን ከነወሩ ይነግራችኋል፤ በወረቀት ያላገኛችሁትንም በስልክ ይልክላችኋል። ጌታ ዳግመኛ እንደሚመጣ እኔም አምናለሁ፥ እጠብቃለሁም፤ ስለዚህ ይህን ተስፋ የሚያቃልል ሰው ጽሑፌን ለራሱ ምስክር አድርጎ አይያዘው። የምናገረው ቀኑን ስለሚቈርጥ ሰው ነው።

በአገራችን ሰው ገንዘብ ሲበደር ወይም በዳኛ ፊት ሲከራከር ዋስ ይጠራል። ባለ ዕዳው ቢጠፋ ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃልና፥ ዋሱ ራሱ ቆሞ «እኔ ነኝ» ሳይል ማንም በዋስነት አይጻፍም። ቀን የሚቈርጥ ሰው ግን እግዚአብሔርን ሳይጠይቀው ዋስ አድርጎ ይጠራዋል። ቀኑ ባለፈ ጊዜ ቈጣሪው ከገበያ ይሰወራል፤ ሕዝቡም ዕዳውን ከቅዱስ መጽሐፍ ላይ ሊጠይቅ ይነሣል። ይህ ነገር ባለፉት ዘመናት እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ በኋላም በእኔ በራሴ የሆነውን አልሸሽግም።

ደዌው ትናንት የተወለደ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ሁለተኛውን መልእክት የጻፈው፥ የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ማኅበሩን ስላናወጠው ነው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ነገሩ የትምህርት ክርክር ይመስለዋል፤ ሦስተኛውን ሲያነብ ግን ሥራቸውን ትተው በሰው ቤት የሚዞሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ያያል። ሐዋርያውም ሲመልስላቸው ስለ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ስለ እንጀራቸውም ተናገረ።

ከጌታ ልደት በኋላ 200 ዓመት ያህል ቈይቶ በሮም የነበረው አቡሊዲስ፥ ሃይማኖተ አበውን የሚያነቡ ሰዎች ስሙን ያውቁታል፥ የዳንኤልን መጽሐፍ ሲተረጕም በዘመኑ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ጽፎልናል። በሶርያ አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ብዙ ምእመናንን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ይዞ ክርስቶስን በምድረ በዳ ለመቀበል ወጣ። በተራራና በመንገድ ሲቅበዘበዙ የአገሩ ገዢ ወንበዴዎች መስለውት ሊያጠፋቸው ጥቂት ቀረው፤ ሚስቱ አማኝ ነበረችና በእርሷ ልመና ዳኑ። በጳንጦስ አገር ደግሞ ሌላ አለቃ ነበረ። ይህስ ትሑትና አምላኩን የሚፈራ ሰው ነበረ ይላል ጸሓፊው፤ ነገር ግን መጻሕፍትን በመመርመር ፈንታ በሕልሙ ታመነ። አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ አለመና ለማኅበሩ ፍርዱ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚሆን ተናገረ፤ ያልሁት ካልሆነ መጻሕፍትን ከእንግዲህ አትመኑ፥ እያንዳንዳችሁም የወደዳችሁትን አድርጉ እስከ ማለት ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቃል ልብ በል። ሰውዬው የራሱን ሕልም አቆመና መጽሐፍን ዋስ ጠራ። ሕዝቡም በፍርሃትና በእንባ ሆኖ እርሻውን ተወ፥ የሚበዙትም ሀብታቸውን ሸጡ። ዓመቱ አለፈ። ደናግሉ አገቡ፥ ወንዶቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ሀብታቸውን የሸጡት ግን በመጨረሻ ሲለምኑ ተገኙ። ይህ ከተጻፈ 1800 ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን ስሙን ብንለውጥ የእኛ ወረዳ ታሪክ ነው ቢባል ማን ይክዳል?

የሚያስገርመው ይኸው አቡሊዲስ ራሱ ከመቍጠር አልዳነም። የሙሴ ታቦት ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፥ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፥ ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል መሆኑን ደምሮ አምስት ክንድ ተኩል አገኘ፤ ከዚህም ተነሥቶ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው አለ፤ ፍጻሜውም 6000 ሲሞላ ይሆናል ብሎ አሰበ። እንዲህም ማለቱ ለመልካም ነበረ፤ የተናወጠውን ሕዝብ «ገና 300 ዓመት የሚያህል ቀርቷል፥ ተረጋጉ» ለማለት ነው። 6000ው ሞላና አለፈ። ሰውም ቍጥሩን አልጣለም፤ 7000 ነው አለ።

ይህ 5500 የሚባለው ቍጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ የሚቈጥሩ ሊቃውንት በየዓመቱ ለእንቍጣጣሽ በዓል ዓመተ ዓለሙን ሲያውጁ፥ ባለንበት ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ይደምራሉ። እንግዲህ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ስምንተኛው ሺህም በመስከረም 1501 ዓ.ም. ገባ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ብዙ ፍርሃት ነበረ። ንጉሡ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ ብሎ ይጸልይ እንደ ነበረ ይተረካል፤ እርሱም በዚያው በሰባተኛው ሺህ መጨረሻ ዓመት ክረምት ዐረፈ፥ ልጁ ልብነ ድንግልም ነገሠ። በሞስኮም እንዲሁ ሆነ። እነርሱ ከእኛ በ16 ዓመት ቀድመው ስለሚቈጥሩ 7000 የሞላባቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1492 ነው። የፋሲካቸው ሰሌዳ በዚያ ዓመት ያበቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ፋሲካ ይኖራል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበረና። ዓመቱ ባለፈ ጊዜ ሊቃነ ጳጳሳቱ ተቀምጠው ለስምንተኛው ሺህ አዲስ ሰሌዳ ሠሩ።

የእኛም ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂዎች እንዲሁ፥ ሳይጮኹና ሳያፍሩ፥ 7001 ብለው መቍጠራቸውን ቀጠሉ። ከእነርሱ ጋር በብዙ ትምህርት ብለያይም በዚህ ነገር አከብራቸዋለሁ።

ሕዝቡ ግን ቍጥሩን በሌላ መንገድ ያዘው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ 20 ዓመት ያህል ባለፈ ጊዜ፥ በመጋቢት 1521 ዓ.ም.፥ በሽምብራ ኵሬ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ድል ሆነ፤ ጦርነቱም ብዙ አገር ሲያዳርስ ይህችን ባሌንም አዳረሳት። ያን ጊዜ ሰው «የተባለው ይኸው መጣ» አለ። ዓለም አላለፈችም፤ ነገር ግን «ስምንተኛው ሺህ» የሚለው ቃል ከቀን ስምነት ወደ ክፉ ዘመን ስምነት ተዛወረ፥ እስከ ዛሬም ከ500 ዓመት በላይ በአፋችን ይኖራል። ከተዛወረም በኋላ የሠራውን ተመልከቱ። ዳኛ ጕቦ ሲበላ «ስምንተኛው ሺህ ነው» ይባላል። ልጅ አባቱን ሲያዋርድ፥ ነጋዴ በበርበሬ ውስጥ ሸክላ ሲቀላቅል፥ ባል ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ፥ «ዘመኑ ነው» ይባላል። የበደለው ሰው ሳይሆን ዘመኑ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል፤ ዘመንን ደግሞ የሚቀጣ ዳኛ የለም። እኔ የወንጌል ሰባኪ ሆኜ ስዞር፥ ይህ ቃል ለንስሐ የቀረበውን ሰው ሲያስመልጠው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያለፈ ቀን እንዲህ የኀጢአት መሸሸጊያ ይሆናል ብሎ ማን ገመተ?

ስለ ቴዎድሮስ የተነገረውንም ሁላችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፍ። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ በመጨረሻ ዘመን በጽድቅ የሚነግሥ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል ይላል፤ ካሣ ኃይሉም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ይህን ስም መረጠ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሱን ገደለ። ትንቢቱን የያዙ ሰዎች ግን አልተዉትም፤ «ያ ሌላ ነው፥ እውነተኛው ገና ይመጣል» አሉ። እንዲህ ያለ ተስፋ በማንም ሞት አይሞትም፤ አንዱ ንጉሥ ሲወድቅ ስሙን አንሥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ በትክክል የተጻፈውን፥ ለእኛም ብዙ ትምህርት ያለበትን የአሜሪካን ነገር ልንገራችሁ።

ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ በኒው ዮርክ ግዛት ነበረ። ወታደር ሆኖ ተዋግቶ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ እምነት መጣ፥ የባፕቲስት ማኅበር አባልም ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ብቻውን ቍጥር በቍጥር ለብዙ ዓመት ሲያነብ፥ በዳንኤል ስምንተኛ ምዕራፍ ያለው 2300 ቀን 2300 ዓመት ነው ብሎ ደመደመ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ457 ዓመት ጀምሮ ሲቈጥር በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ 1843 ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ያገኘውን ነገር ለመናገር ፈርቶ ብዙ ዓመት ዝም አለ፤ በአደባባይ መስበክ የጀመረው በ1831 ነው። በ1840 ጆሹዋ ሃይምስ የሚባል የቦስተን ሰባኪ ተቀበለውና ጋዜጣ አተመለት፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ሆነ። ያመኑትን ከ50 ሺህ በላይ የሚያደርሷቸው አሉ።

ሚለር መጀመሪያ ቀን አልቈረጠም፤ ከመጋቢት 1843 እስከ መጋቢት 1844 ባለው ዓመት ውስጥ ይሆናል አለ። ዓመቱ አለፈ። ሚለርም ተሳስቻለሁ ብሎ ጻፈ፤ ጌታ ግን ቀርቧል አለ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መልካም ነበረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ፥ በኤክሰተር በድንኳን በተደረገ ጉባኤ፥ ሳሙኤል ስኖው የሚባል ሰው ቀኑን ቈርጦ ተናገረ፤ በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 1844 ነው አለ። በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1837 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሽማግሌው ሚለር ለመቀበል ዘገየ፤ ቀኑ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው እርሱም ተሸነፈ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ይጠነቀቃል፥ ከኋላ የመጣው ይጨክናል፥ ሕዝቡም የጨከነውን ይከተላል።

መከሩ በእርሻ ቀረ። ሱቅ የዘጋ ነበረ፤ ዕዳውን ለመክፈል ንብረቱን የሸጠም ነበረ። አንዱ ገበሬ ድንቹን ሳይቈፍር ተወው፤ ጎረቤቶቹ እንቈፍርልህ ቢሉት እምቢ አለ። በዚያ ዓመት ቀድሞ የተቈፈረው ድንች በበሽታ ሲበሰብስ የእርሱ በመሬት ውስጥ ደኅና ሆኖ ተገኘና በመልካም ዋጋ ሸጠው ይባላል። እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ ስንፍናችንን እንኳ በምሕረቱ ይሸፍናል፤ ነገር ግን በዚህ ታምኖ ማሳውን የሚተው ሰው ካለ፥ የሌሎቹን ገበሬዎች ቤት ደግሞ ይጠይቅ።

ሌሊቱ መሸ፥ ነጋም። ሃይረም ኤድሰን የሚባል ከእነርሱ አንዱ፥ እስኪነጋ ድረስ እንዳለቀሱ ጽፎ ትቷል። ሲነጋም የጎረቤት ፌዝ ጠበቃቸው፤ «ገና አልወጣችሁምን?» እያሉ በመንገድ ይስቁባቸው ነበር። የጸሎት ቤታቸውንም ያጠቁባቸው ሰዎች ነበሩ።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከዚያ ማለዳ በኋላ ያ ማኅበር በብዙ መንገድ ተበታትኗልና። የሚበዙት ዝም ብለው ወደ ቀድሞ ማኅበራቸው ወይም ወደ ዓለም ተመለሱ፤ የእነዚህን ታሪክ የጻፈ የለም፥ ልባቸው ምን ያህል እንደ ተሰበረ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጥቂቶች ሌላ ቀን ቈረጡ፤ እርሱም አለፈ። ሌሎቹ፥ ኤድሰንም ከእነርሱ ጋር፥ ቀኑ ትክክል ነበረ፥ የሆነው ግን በምድር ሳይሆን በሰማይ ነው አሉ፤ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ኤለን ሃርመን የምትባል 17 ዓመት የሆናት ልጅ ነበረች፤ በ1863 የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ስትደራጅ 3500 ያህል አባሎች ነበሯት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ከ20 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በአገራችንም የሚያውቃቸው ብዙ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለውን የዘውዲቱን ሆስፒታል የመሠረቱ፥ በሻሸመኔ አጠገብ በኩየራ ትምህርት ቤት ያቆሙ እነርሱ ናቸው። ስለ 1844 የሰጡትን ትርጓሜ እኔ አልቀበለውም። ነገር ግን ያፈረ ሕዝብ ተነሥቶ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሲሠራ አይቶ የሚዘብት ሰው አእምሮ የጐደለው ነው። ደግሞም ከዚያ ሐዘን በኋላ ሌላ ቀን እንዳይቈርጡ ተማሩ፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ሚለር ራሱስ? ማኅበሩ አሰናበተው። እርሱም መሳሳቱን ሳይሸሽግ፥ ሌላም ቀን ሳይቈርጥ፥ ጌታን እየጠበቀ በ1849 ሞተ። ከሁሉም መንገድ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ ተከታይ ባያፈራለትም።

ቀኑን እንደገና የቈረጡትን ለማየት የሚወድ የይሖዋ ምስክሮች የተባሉትን ይመልከት። በ1925 አብርሃምና ይስሐቅ ያዕቆብም ተነሥተው ይመጣሉ ተብለው ነበር። በዚያ ዓመት በመታሰቢያው ማዕድ የተገኙት ከ90 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በ1928 ግን ወደ 17 ሺህ ወረዱ። ከዚያም እንደገና በዝተው ሳሉ 1975ን ተስፋ አደረጉ፤ እርሱም ሲያልፍ ብዙዎች ሄዱ፥ አለቆቹም በ1980 በመጽሔታቸው ማዘናቸውን ጻፉ።

ከሮቤ ተነሥቶ በዶዶላ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በሻሸመኔ ሲያልፍ ራስ ተፈሪያን የሚባሉትን ያያል። አባቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ፥ አፄ ኃይለ ሥላሴን ተስፋ አድርገው ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ናቸው፤ ንጉሡም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ለጥቍሮች መመለሻ መሬት ሰጥተው ነበር። በጃማይካ ክላውዲየስ ሄንሪ የሚባል ሰባኪ መርከብ መጥታ ወደ አፍሪካ የምትወስድበት ቀን መስከረም 24 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው አለና፥ በአንድ ሽልንግ አንድ ካርድ እያደረገ ብዙ ሺህ ካርድ ሸጠ። ድኾች ዕቃቸውንና እንስሳቸውን ሸጠው ወደ ኪንግስተን መጡ። መርከብ አልመጣችም። አንዳንዶቹ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ሳቅ ፈርተው በዚያው ቀሩ። ከዚያም ብዙ ዓመት ሳይሆን፥ በነሐሴ 1967 ዓ.ም.፥ አይሞትም ያሉት ንጉሥ ሞተ። ሃይማኖታቸው ግን አልጠፋም፤ ከእነርሱ የሚበዙት ሞቱን አላመኑም፥ ወይም ተስፋቸውን በሌላ ትርጓሜ ያዙት። በሃይማኖታቸው ከእኔ ይርቃሉ። ነገር ግን ያችን መርከብ በወደብ ቆሞ የጠበቀውን ድኻ ሳስብ ልቤ ይራራል፤ የሸጠው ፍየሉን ነው፥ የሚወደውም ነገር የአባቶቹን አገር ነው።

እንግዲህ ቀን ሲያልፍ ማኅበር ሁልጊዜ ይፈርሳል ብላችሁ አታስቡ። በመካከሉ ያሉት፥ ስማቸው የተጠራና ቃላቸው የታተመ፥ ብዙ ጊዜ ይጸናሉ፤ ተሳስተናል ማለት ለእነርሱ ከሞት ይከብዳቸዋልና ሌላ ትርጓሜ ያገኛሉ። የሚጠፉት በዳር ያሉት ናቸው፤ በሬውን የሸጠው፥ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረው፥ መድኃኒቱን የተወው። እነዚህ ሲሄዱ ደወል አይደወልም። መምህራንም በእሑድ ጉባኤ ባዶ የሆነውን ስፍራ አይተው «እምነቱ ደካማ ነበረ» ይላሉ። ይህን ቃል እኔም ብዬዋለሁ፥ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በ2012 ዓ.ም. በባሌ ቆላዎች አንበጣ ወረደ። በመጋቢትም የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ፤ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፥ ሰው ሰውን ሸሸ። እኔ ያን ጊዜ ከሮቤ በላይ ባለ ደጋ በየቤቱ ጥቂት ምእመናንን እሰበስብ ነበር። ነቢዩን ኢዩኤልን ስለ አንበጣ፥ የሉቃስን ወንጌል 21ኛ ምዕራፍ ስለ ቸነፈር አነበብሁላቸው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ሲያለቅስ ባየሁ ጊዜ ቃሌ ጣፈጠኝና «አሁን የምትዘሩትን የገና ገብስ አብረን አንበላውም» አልሁ። ቀን አልቈረጥሁም ብዬ በልቤ ራሴን አታለልሁ። ገበሬ ግን ቀን የሚቈጥረው በመከር ነው። በገና የሚዘራው ገብስ በሐምሌና በነሐሴ እንደሚደርስ በዚህ አገር ሕፃን ያውቃል።

ከሰሚዎቹ አንዱ፥ ሁለት በሬ ብቻ ያለው ሰው፥ አንዱን ሸጠ። በዋጋው ዕዳውን ከፈለ፥ የቀረውንም መባ አድርጎ አመጣው። እኔም ተቀበልሁት። ማሳውንም ሳያርስ ተወው።

ሐምሌ ሲያልቅ የጎረቤቶቹ ገብስ ነጣ። እርሱ ወደ ቤቴ መጥቶ ባርኔጣውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና «መምህር፥ ገብሱ ደረሰ፤ እርስዎ ያሉት ነገር ምን ሆነ?» አለኝ። እኔም «ነገሩ መንፈሳዊ ነው፥ በመንፈስ ማስተዋል ያስፈልጋል» ብዬ መለስሁለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያም «በሬዬስ መንፈሳዊ ነበረ?» ብሎኝ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ብቻዋን ወደ ጉባኤ ትመጣ ጀመር። ለቦና እርሻ እስላም ጎረቤቱ፥ አንድ ሽማግሌ ሐጂ፥ በሬውን በመቀናጆ ሰጠው። ሐጂውም በመንገድ ሲያገኘኝ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እንደ ወትሮው ስለ ልጆቼ ደኅንነት ጠየቀኝ፥ እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልሁም።

ሦስት ወር የሚያህል በመተርጐም ደከምሁ። ያልሁትን ሁሉ ሌላ ነገር እንደ ነበረ ለማሳየት ቍጥርና ምዕራፍ ፈለግሁ፤ እንዲህም ሳደርግ የኤድሰንንና የሌሎቹን ሰዎች ልብ ያን ጊዜ አወቅሁ። በመጨረሻ የዘዳግም 18ኛ ምዕራፍ መጨረሻ አሸነፈኝ፤ በእግዚአብሔር ስም የተነገረ ነገር ሳይሆን ሲቀር ነቢዩ ከራሱ እንደ ተናገረ ያስተምራልና። ጸሎት ቤት በተከፈተ ጊዜ በጉባኤው ፊት ቆሜ፥ ስለ ገብሱ የተናገርሁት ከእግዚአብሔር እንዳልነበረ፥ ከእኔ እንደ ነበረ ተናገርሁ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ተቈጡ፤ «መምህር እንዲህ ካለ ሕዝቡ ቃሉን ይንቃል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቃሉ የሚናቀው የእኔን ስሕተት ሲሸከም ነው አልኋቸው። ጥቂት ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ማኅበር ፈለጉ፤ በዚያ ቀን የሚቈርጥ ሌላ ሰባኪ አገኙ ብለው ነገሩኝ።

ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ቀን ይዞ ወደ ቤትህ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥምህ በምዕራፍና በቍጥር አትከራከረው፤ እርሱ ለዚያ ከአንተ ይልቅ ተዘጋጅቷል። ቀኑ ቢያልፍ በማን ፊት ቆመህ ምን ትላለህ ብለህ ጠይቀው። የራሱን በሬ ሸጦ እንደ ሆነም ጠይቀው። መልካም ሰው ከሆነ ይደነግጣል። መባ የሚሰበስብ ከሆነም ያመጣህለትን ለዚያ ቀን ማግሥት ማን እንደሚያስቀምጥልህ ጠይቀው። አንቺም እኅቴ፥ ባልሽ ዘሩን ከጐተራ አውጥቶ ለመሸጥ ቢነሣ፥ እምነት የጐደለሽ መስሎሽ ዝም አትበዪ።

መባው በሽማግሌዎቹ ፈቃድ ለሰውዬው ተመለሰለት። የቀረውን የበሬውን ዋጋ እኔ ከደመወዜ በየወሩ እየቈረጥሁ በ2014 ዓ.ም. ጨረስሁ። በዚያ ዓመት የገና እርሻ ሲታረስ ሰውዬው ልኮ አስጠራኝ። የዘሩን ቍና በእጄ ሰጠኝና «መምህር፥ ዛሬ እርስዎ ይዝሩ» አለኝ። ዘራሁ፤ በትምህርት ቤት ያደገ እጅ አልለመደምና በአንዱ ስፍራ በዛ፥ በሌላው ስፍራ ሳሳ፤ ገብሱም በበቀለ ጊዜ እንደዚያው ሆኖ በቀለ።